ስኪ ላጪው ጋሽ አጥናፉ

ፈረንጅ መርዶ አያውቅበትም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ "አንቺ ንገሪያት"፣ "አይ አንተ ንገራት" እየተባባሉ ይገፋፋሉ፤ ባለቤቱ ገና ፊታቸውን ሲያይ ይገባዋል። የጋሽ አጥናፉ አለቃ ዴል ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ላስ ቬጋስ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ውስጥ አንዲት ባልቴት በዊልቸር እየገፋሁ ሳለ ደውሎ፣ "መቅደስ፣ አጥናፉ ዛሬ ጠዋት በእንቅልፉ ሞተ" አለኝ። በቃ። "የት ነሽ?" የለ፣ "እስቲ ቁጭ በይ" የለ።

ባልቴቷን አውሮፕላኗ በር ድረስ አደረስኳትና ባዶው ዊልቸር ላይ ራሴ ዘፍ አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ መጥታ "ተሳፋሪሽ የታለች?" ስትለኝ እያለቀስኩ ሳቅ ያዘኝ። ጋሽ አጥናፉ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። "አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ ቆሞ አንቺ ወንበር ላይ?" ነው የሚሉት። ወንበር የደንበኛ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ እኔ በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

ዊትኒ የሚባለው ሰፈራችን ያለው አበሻ ያጉረመረመው ደግሞ በሌላ ነገር ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፀዳለ መጀመሪያ የደወሉት ለዘመድ ሳይሆን ለዴል ነበር። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ "እንዴት ለፈረንጅ አለቃው?" እየተባለ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እኔ ምንም አልመሰለኝም። በሁለቱ ሰዎች መካከል ምን እንዳለፈ በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝና እስቲ ላውራችሁ።

ጋሽ አጥናፉ ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የወንዶች ፀጉር ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። የናዝሬትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሳቸው በረዶ የሚያውቁት ብርጭቆ ውስጥ ነው። ዲቪ ደርሷቸው ላስ ቬጋስ ሲገቡ መጀመሪያ ስትሪፕ የሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ አንድ ካዚኖ ውስጥ ጽዳት ሠሩ፣ ቀጥለው የዴልን ሱቅ ለማጽዳት ገቡ። የዴል ሱቅ የስኪ ሱቅ ነው። በረሃ መሀል የስኪ ሱቅ አለ ስል የማይስቅብኝ አበሻ የለም። ነገር ግን ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ ትልቅ ተራራ አለ፤ ዊንተር ሲገባ እዚህ ታች ሰዉ በካናቴራ ሲሄድ፣ እዚያ ላይ ጥዱ በበረዶ ጎብጦ ታገኙታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ የከተማው ወጣት ሁሉ ስኪውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ወደዚያ ነው።

ስኪ ለማታውቁት፣ ከጫማ ጋር የሚታሰር ረጅም ቀጭን ሰሌዳ ነው፣ ለግራ አንድ ለቀኝ አንድ። ከሥሩ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ቀጭን ብረት ተለብጧል። ሰው ሲታጠፍም ሲቆምም በረዶውን ነክሶ የሚይዝለት ያ ብረት ነው። ብረቱ ከዶለዶመ፣ በረዶው ደርቆ በጠጠረ ቀን ሰውየው ልታጠፍ ሲል እንደ ሳሙና ያመልጣል። ስለዚህ ስኪው ሞርሳ ላይ ይታሰርና ጠርዙ በሞረድ ይሳላል፤ ሞረዱ የተወው ጥቃቅን የብረት እሾህ ደግሞ በድንጋይ ይጠረጋል። ሥራው ይሄ ነው።

ዴል ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰውዬ አንድ ቀን ሳይናገር ጠፋ። ዴል ራሱ ሞረዱን ይዞ እየተበሳጨ ሳለ፣ ጋሽ አጥናፉ ወለል እየወለወሉ ቆመው አዩት። "ስለት ታውቃለህ?" አላቸው። "የስ" አሉ። ይሄ እውነት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምላጭ ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። "በስኪስ ትሄዳለህ?" አላቸው። "የስ" አሉ። ይሄ ነጭ ውሸት ነው።

አትፍረዱባቸው። አበሻ አሜሪካ ሲገባ አየር ማረፊያ የተቀበለው ሰው፣ ገና ሻንጣው መኪና ላይ ሳይጫን የሚመክረው ምክር አለ። ቀጣሪ ምንም ይጠይቅህ፣ የስ በል። ፎርክሊፍት ትነዳለህ? የስ። የቻይና ምግብ ትሠራለህ? የስ። ከገባህ በኋላ ትለምደዋለህ። እኔ ራሴ ዋና እችላለሁ ብዬ አንድ ሆቴል መዋኛ ዳር ፎጣ ሳድል ከርሜያለሁ፤ ውሃው እግሬን በነካኝ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር። ሁላችንም እንዲህ ነው የገባነው። የጋሽ አጥናፉ ጣጣ፣ የሳቸው ውሸት ሱቅ ውስጥ ሆኖ የሚለመድ አለመሆኑ ነው።

ሥራቸውን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፀጉር ቤታቸውን እንዳለ አምጥተው ስኪ ላይ ከፈቱት። ጠዋት ሲገቡ "ዛሬ ስንት ራስ አለ?" ነው የሚሉት። ስኪውን ሞርሳው ላይ ሲያስሩ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ የብረት ብናኙ እንደ ፀጉር እዚያ ላይ ይራገፋል። የስኪው የፊተኛው ጫፍ ግንባር ነው፣ የኋለኛው ማጅራት። ሲሠሩ ያወሩታል፤ በአማርኛ። "እስቲ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የላጨህ? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?" ይሉታል። ወይም ደግሞ ሞረዱ ሲንቀጠቀጥባቸው፣ "ቀጥ በል፣ ኋላ ጆሮህን ብቆርጥህ የለሁበትም" ይሉታል።

ስለቱ መያዙን የሚያረጋግጡት በግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ነው። ጥፍሩን ጠርዙ ላይ ፈቅ ያደርጉታል፤ ከጥፍሩ ላይ ነጭ ዱቄት ከተነሳ ስለቱ ያዘ ማለት ነው። ከዚህ የተነሳ ያ ጥፍር ሁልጊዜ ስስ ነው። እትዬ ፀዳለ "የዚህን ሰውዬ ጥፍር ስኪ በልቶ ጨረሰው" እያሉ ይነጫነጩ ነበር።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን መስታወቱን ነው። ደንበኛው ስኪውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ከኪሳቸው አነስ ያለች የእጅ መስታወት ያወጡና ከስኪው ኋላ ይደግኑለታል፤ ልክ ፀጉር የተቆረጠ ሰው ማጅራቱን እንዲያይ እንደሚደረገው። ፈረንጁ ምን ማየት እንዳለበት አያውቅም። ግን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ "ፐርፌክት" ይላል። ፀጉር ቤትስ እንደዚያው አይደል? ማጅራቱን አይቶ ምን ሊል የሚችል ሰው አለ?

በአንድ ነገር ብቻ ከዴል ጋር አይስማሙም። ዴል ያስተማራቸው ሕግ አለ፤ ስኪው ከእግር ሥር ይሳል፣ ግንባሩና ማጅራቱ ላይ ግን ጥቂት ጣት ያህል መልሶ ይዶልድም። ጫፎቹም እንደ መሀሉ ከተሳሉ፣ ስኪው ሰውየው ሳያዘው በረዶውን ይነክስና ይጥለዋል ነው የሚለው። ለማዶልዶሚያ ላስቲክ የመሰለች ትንሽ ድንጋይ አለች፤ በሷ መለስ ቀለስ ማድረግ ነው። ጋሽ አጥናፉ ሕጉን ይፈጽማሉ፣ ግን እየተራገሙ ነው። "ምላጭ ስሎ መልሶ ማዶልዶም ምን የሚሉት እብደት ነው? እኔ ናዝሬት ይሄን ብሠራ ሱቄን ይዘጉብኝ ነበር" ይሉኛል። በረዶ ላይ ቆመው ስለማያውቁ ነገሩ አይገባቸውም።

እኔ እዚያ ሱቅ የገባሁት በዊንተር፣ ከአየር ማረፊያው ሺፍቴ ጎን ለጎን፣ ጫማ ለማከራየት ነው። ሁለታችንም ዊትኒ ስለሆንን በኔ መኪና ነበር የምንመላለሰው። ደንበኛው ሁሉ ስለሳቸው ያወራል። "የት ነው በስኪ መሄድ የተማርከው?" ሲሏቸው፣ "የተራራ አገር ሰው ነኝ" ብለው ፈገግ ይላሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። የቀረውን ደንበኞቹ ራሳቸው ይጨምሩበታል። አንዱ ወጣት ጭራሽ ድሮ ለአገራቸው ይወዳደሩ እንደነበር ነገረኝ፣ በሹክሹክታ፣ ትልቅ ምስጢር ያካፈለኝ መስሎት።

እኔም አምኜ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ፣ "ጋሽ አጥናፉ፣ ተራራው ላይ የሚወጡ ቀን እኔንም ያስከትሉኝ" አልኳቸው። መብራት ይዞን ስንቆም፣ "መቅደስ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በሆድሽ ያዢው" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። "በረዶ ረግጬ አላውቅም" አሉ።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን እስኪያንባርቅብኝ ድረስ ሳቅሁ። ጋሽ አጥናፉ ግን አልሳቁም። "ሳቂ አንቺ። ዴል ሁሉን ይችላል፣ ቀጣፊ ሰው ግን አይችልም። ያንን ጫማ ያከራይ የነበረ ልጅ ለምን አባረረው? የደንበኛውን ጫማ ሳያይ ቼክ አድርጌያለሁ ስላለው ብቻ አይደለም? እኔ ሞረዱ ከእጄ ከወጣ ተመልሼ መጥረጊያ ነው የምይዘው። እሱንም ልያዘው፣ ስሜስ?" አሉ። ይሄኔ ሳቄ ጠፋ። ፀጉር ቤታቸውን ሸጠው ከመጡ ወዲህ ሰው በሙያቸው የጠራቸው እዚያች ሞርሳ ፊት ብቻ ነው፤ ይሄን እኔም አውቀዋለሁ።

ዴል ማለት ደግሞ ቁመተ ረጅም፣ ትንሽ የሚያነክስ፣ ቁጥብ ሰው ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት ተራራው ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስኪ ሲሸጥ እንጂ ሲያጠልቅ ያየው የለም። ስለዚህ ያ ሱቅ በስኪ የማይሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩት፣ አንዱ ፈርቶ፣ አንዱ ሳይችል። የፈሪውን ሁሉም ያውቃል፤ የሌላውን እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዴል ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ሐኪሙ እንደፈቀደለት ነገረን። ተራራው ለዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ሱቁ ይዘጋል፣ ሁላችንም እንወጣለን፣ እሱም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይወርዳል። "ግን ብቻዬን አይደለም" አለ። "አጥናፉ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ዱካ ዱካውን እከተላለሁ። እሱ ከፊቴ ካለ አልፈራም።" ሞረድ ከጋሽ አጥናፉ እጅ ሲወድቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መኪና ውስጥ እንደገባን፣ "ወገቤን አሞኛል ይበሉት" አልኳቸው። ለኔ ነገሩ ቀላል ነበር። "ቆይ እስቲ" አሉ። "መጀመሪያ ልሞክረው። ሰው የሚችለው ነገር አይደለም እንዴ?" በማግስቱ ተራራውን ማንም ሳያውቅ ወጣነው። እኔ በሠራተኛ ነፃ ቲኬት ትንሽ ትንሽ ለምጄ ነበር፣ በልጆች መንገድ ላይ ቆሞ ለመውረድ ያህል።

መጀመሪያ ያዋረደን ሊፍቱ ነው። ወደ ላይ የሚወስደው ወንበር አይቆምም፤ ከኋላ ይመጣል፣ እኩል ቁጭ ማለት ነው። ወረፋችን ደረሰ። ጋሽ አጥናፉ ቆም ብለው፣ "ቅደሚ" አሉኝ። "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" አልኩ። "ሴት ልጅ ቆማማ አልቀድምም።" "ታላቅ እያለማ እኔ አልቀድምም፣ በሞቴ።" "ተይ እንጂ፣ በሞቴ ብያለሁ።" ይህን ስንባባል ወንበሩ ደርሶ ሁለታችንንም ከጉልበታችን ሥር መታን፤ እሳቸው በጎናቸው፣ እኔ በሆዴ ወደቅን። ሊፍቱን የሚያዘው ልጅ ቀጥ አደረገው። መላው ተራራ በኛ ይሉኝታ ቆመ። ሰዉ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቁልቁል ያየናል። ጋሽ አጥናፉ በረዶ ላይ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ እያንዳንዱ ወንበር አንገታቸውን እየሰበሩ "ሶሪ፣ ሶሪ" ይላሉ።

ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ለራሳቸው ያዘጋጁትን ስኪ ገና ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየሁት፤ ያብረቀርቃል። ሸርተት እንዳሉ ስኪው በረዶውን ነክሶ ወደ ጥዱ ወሰዳቸው። አነሳኋቸው። እንደገና ሸርተት አሉ፣ እንደገና ወሰዳቸው፣ ወደዚያው ጥድ። "ይሄ ስኪ እልህ ይዞታል" አሉኝ። እኔ ነገሩ ገባኝ። "ጋሽ አጥናፉ፣ ግንባሩንና ማጅራቱን አዶልድመውታል?" አልኳቸው። ተቆጡ። "የራሴን? ለሰው አደረግኩ፣ የራሴን ምላጭ ግን በገዛ እጄ አላበላሽም" አሉ።

ደግመው ወደቁ። ደግመው ወደቁ። ጣት የምታህል ልጅ በአጠገባቸው ተንሸራታ አለፈችና ዞራ አየቻቸው። በመጨረሻ በረዶው ላይ ቁጭ አሉ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፣ ያቺን ላስቲክ የመሰለች ድንጋይ አወጡ። ፊታቸውን ከኔ መለስ አድርገው የራሳቸውን ስኪ ግንባርና ማጅራት አዶለዶሙ። ስንቴ የተራገሙበትን ሥራ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ነው የሠሩት። ከዚያ ተነስተው ሸርተት ሲሉ ስኪው ዝም ብሎ ሄደላቸው። እግራቸውን ገፋ ሲያደርጉ ታጠፈ። ታች ቆመው፣ "ለካ ዴል እውነቱን ነው። ሁለመናው ስለት የሆነ ነገር ለጀማሪ ምሕረት የለውም" አሉኝ፣ እንደ ትንሽ ልጅ እየሳቁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራቸው ተለወጠ። ፀጉር ቤት "ይጠር ወይስ ይርዘም?" እንደሚባለው፣ ስኪውን ከማሰራቸው በፊት ደንበኛውን "ትፈራለህ ወይስ አትፈራም?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ግዙፍ ጎረምሳ ሳይቀር ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ "ትንሽ" ይላቸዋል። "አይዞህ" ይሉትና ጫፉን ትንሽ አብዝተው ያዶለድሙለታል። የተመለሰ ሁሉ ስኪው እንደታዘዘለት እየነገራቸው ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ተለማመድን። የልጆቹን መንገድ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀስ ብለው መውረድ ቻሉ። ዴል የሚወርደው ግን እዚያ አይደለም፤ ላይኛው ነው፣ ዓይንን የሚያዞረው። ቀኑ በቀረበ ቁጥር እኔ እወተውታለሁ፤ "ወይ ይንገሩት፣ ወይ ወገቤን ይበሉት።" እሳቸው "እሱን ለኔ ተይው" ይሉኛል። ምግብ እምቢ እንዳላቸው እትዬ ፀዳለ ነገሩኝ።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚሞቅ ነበር። ያ ቁጥብ ሰው ዴል ጠዋቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ያወራ ነበር፣ ከፍርሃቱ የተነሳ። ሌሎቹ ሠራተኞች ቀድመው ወርደው ነበር። ሦስታችን በአንድ የሊፍት ወንበር ወጣን። ላይ ስንደርስ ቁልቁለቱን አየሁት፤ ግድግዳ ነው። እኔ እንኳን ለመውረድ አላሰብኩትም፣ ለማየት ነው የወጣሁት። ዴል ስኪውን አስተካክሎ ቆመ። "ቀስ ብለህ ጀምር" አላቸው። "አንተ በታጠፍክበት ነው የምታጠፈው። ዓይኔን ካንተ አላነሳም።"

ጋሽ አጥናፉ ጫፉ ድረስ ሄዱ። ቆሙ። እኔ በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣ "ወገብዎን፣ ጋሽ አጥናፉ፣ ወገብዎን ይበሉት" አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ዴል ዞሩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ዴል፣ እኔ በስኪ መሄድ አልችልም" አሉት። "ያኔ ስትጠይቀኝ ዋሽቼሃለሁ። ካንተ ሱቅ በፊት ስኪ በዓይኔም አይቼ አላውቅም።"

ዴል ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ከዚያ የኔን ፊት አየ፣ መልሶ የሳቸውን አየ፣ ሳቁን ተወ። አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ስኪውን ፈታ፣ ትከሻው ላይ አደረገና እያነከሰ ወደ ሊፍቱ ተመለሰ። እኛም ተከተልነው። ሊፍቱን የሚያዘው ሰው ግራ ገብቶት አየን፤ በወንበር ወደ ታች የሚመለስ ሰው ብዙ አያጋጥመውም። ሦስታችንንም አስቀመጠንና ላከን።

ወደ ታች ስትወርዱ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያገኛችኋል። የሚያየን ሁሉ ይስቃል። ጋሽ አጥናፉ ሰው እያያቸው ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይችሉም፤ ስማቸው ሲጠፋ እንኳን፣ በየወንበሩ አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ሰላምታ ሲሰጡ ወረዱ። ዴል ወደፊት ብቻ ያያል። መሀል መንገድ ስንደርስ ተናገረ።

"ሌላ ምክንያት ብትፈጥር አምንህ ነበር" አለ። "አሞኛል ብትለኝ አልጠይቅህም ነበር። ለምን ነገርከኝ?"

"አሞኛል ብልህማ" አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ "የሚመጣውን ዓመት ትጠብቀኝ ነበር። ከዚያም የሚቀጥለውን። ጉልበትህ ድኗል እኮ ዴል። እኔን እየጠበቅህ ልታረጅ ነው?"

ታች ደርሰን ከወንበሩ ወረድን። ጋሽ አጥናፉ "ነገ መጥቼ ዕቃውን አስረክብሃለሁ" አሉት። እኔ በበኩሌ እንባዬ መጥቷል። ዴል የሰማቸው አይመስልም። ቆሞ ተራራውን ካየ በኋላ፣ "የምትችለው ጨርሶ የለም?" አላቸው። ጋሽ አጥናፉ በአገጫቸው የልጆቹን መንገድ አሳዩት። "ያንን እችላለሁ" አሉ። ዴል አየው። ገመዱን ይዘው የሚሳቡ ሕፃናት፣ ቆመው የሚያጨበጭቡ እናቶች። "እዚያ ላይ ትመራኛለህ?" አላቸው።

መሩት፤ አካሄዳቸው ግን እንደ ሰርገኛ ቀስ ያለ ነው። ጋሽ አጥናፉ ከፊት፣ እግራቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ዴል ከኋላ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዱካ ዱካቸውን። ሕፃናቱ በግራም በቀኝም ያልፏቸዋል። መሀል ላይ ዴል "ቀስ በል" ብሎ ጮኸ። ጋሽ አጥናፉ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው በአማርኛ፣ "ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ቆምኩ" አሉ። ታች ሲደርሱ ዴል ዞሮ የወረደበትን አየ፤ ከዚያ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ አለቀሰ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ። ጋሽ አጥናፉ ጀርባውን እየደባበሱ "አይዞህ፣ አይዞህ" ሲሉት ቆዩና ወደኔ ዞረው፣ "መቅደስ፣ ሳይዘጋ አንዴ እንድገም" አሉኝ።

ስለ ውሸቱ ዴል ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳባቸውም። በማግስቱ በሰዓታቸው ገቡ፣ "ዛሬ ስንት ራስ አለ?" አሉ፣ ዴል ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ዊንተር በመጣ ቁጥር ሁለቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ይወጡ ነበር፤ እያደር ከልጆቹ መንገድ ከፍ ወዳለውም ተሻገሩ፣ ሁልጊዜ ጋሽ አጥናፉ ከፊት። እትዬ ፀዳለም ስንቅ የሚቋጥሩት ለሁለት ሰው ነበር።

እሳቸው ያረፉት ዘንድሮ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ከዐርባቸው በኋላ ይመስለኛል፣ ዴል ደወለልኝ፤ አሁንም ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "በረዶው ወድቋል፣ ነገ እወጣለሁ" አለኝ። አሳዘነኝ፤ እኔ ሺፍት ነበረኝ፣ መቀየር አልችልም። "እስከ እሑድ ብትጠብቀኝ አብሬህ እወጣለሁ" አልኩት።

"አልጠብቅም" አለኝ ዴል። "አጥናፉ አትጠብቅ ብሎኛል።"